ክረምትን በደረቅ እግር

ለሥራ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ያሳለፍኳቸው የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወይም ሰባት ክረምቶች ሳስባቸው ሁሉም አንድ መልክ አላቸው፤ እሱም የረጠበ ካልሲ ነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ ሰማዩ ቢጠቁርም ዝናብ አይኖርም፤ ማታ ከቢሮ ስወጣ ግን ዶፉ በር ላይ ይጠብቀኛል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ጫማዬ ውኃ ይጠጣል፣ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ የተሳፋሪው ልብስ ይተናል፣ ቤት ስደርስ ደግሞ የቀረኝ ጉልበት ብርድ ልብስ ውስጥ ለመግባት ብቻ ይበቃል። ክረምትን እስኪያልፍ ድረስ ጥርስ ነክሶ የሚጠበቅ ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ዛሬ ሐምሌ ሲገባ ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዷ ነኝ፤ ወደዚህ የደረስኩት ግን ብዙ ከተሳሳትኩ፣ አንድ ጊዜም ለሕይወቴ የሚያሰጋ ስሕተት ከሠራሁ በኋላ ስለሆነ፣ ሌላው ሰው በአጭር መንገድ እንዲደርስበት በማለት ያየሁትን እጽፋለሁ።

ለውጡ የጀመረው አንድ ነገር ሲገባኝ ነው፤ የአዲስ አበባ ክረምት ችግሩ ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። ይህን ስል የሥራ ባልደረቦቼ ሁልጊዜ ይከራከሩኛል። ነገር ግን የከተማችን እጅግ ቀዝቃዛ ሌሊቶች የሚመጡት በክረምት አይደለም፤ ሰማዩ ጠርቶ የቀኑ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ በሚያመልጥባቸው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው እንደ ድስት ክዳን ስለሚሸፍነን የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። ችግሩ ቀኑ ፀሐይ አለማግኘቱ ነው። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በእነዚህ ሁለት ወራት ስለሚወርድ፣ በታኅሣሥ የረፋድ ፀሐይ በሁለት ሰዓት የሚያደርቀው ልብስ፣ ጫማ፣ ፍራሽና ግድግዳ በነሐሴ እርጥብ እንደሆነ ይከርማል፤ ውኃ የያዘ ልብስ ደግሞ የገላን ሙቀት ቀኑን ሙሉ እየሳበ ይወስዳል። እንግዲህ ሥራው ሙቀት መፈለግ ሳይሆን መድረቅ ነው። ከደረቁ በኋላ 10 ዲግሪ ምንም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ለጋቢ፣ ለገንፎና ለቡና ከዚህ የሚመች አየር የለም።

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ስለሆነ በብርድ ጉዳይ ማንም አያስተምራትም፤ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። አንድ ሐምሌ ጉንፋን ጠንቶብኝ ልትጠይቀኝ መጣች። ትንሽ ሲሻለኝ ጠዋት ጋቢዬን በጃኬቴ ላይ ደርቤ ልወጣ ስል በሩ ላይ አስቆመችኝ።

«ወዴት ነው እንዲህ ጋቢ ለብሰሽ?»

«ሥራ ነዋ፣ እማዬ። ብርድ ነው።»

«ጋቢ እኮ የቤት ነው ልጄ። ዝናብ ከጠጣ ድንጋይ ተሸክመሽ ነው የምትውይው። እረኛ በጋቢ ዝናብ ላይ ሲቆም አይተሽ ታውቂያለሽ? በርኖስ ነው የሚለብሰው።»

በርኖስ የመንዝ ሰዎች ከበግ ጠጉር የሚሠሩት ወፍራም ካባ ነው። የበግ ጠጉር የተፈጥሮ ቅባት ስላለው ካፊያውን ቶሎ አያስገባም፤ ቢረጥብም እንኳ ሙቀት ይይዛል። ጥጥ ግን ተቃራኒው ነው፤ ውኃ ይመጥጣል፣ ከገላ ይለጠፋል፣ በቀላሉም አይደርቅም። በአራት ድርብ ተሰፍቶ የሚሠራው ጋቢ እቤት ውስጥ ያን ያህል የሚሞቀው በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ አየሩን ውኃ ከተካው ጥቅሙ ያበቃል። ባላገር ከሣር ጎንጉኖ ከሚለብሰው ገሳ ጀምሮ፣ የደጋ ሰው የዝናብ ልብስና የብርድ ልብስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከጥንትም ያውቃል። እኔ ነበርኩ ያላወቅኩት።

በርኖስ ለብሼ ወደምሠራበት የሒሳብ ክፍል አልገባሁም፤ ሳልፈልግ ቀርቼ ሳይሆን ድፍረቱ ስላልነበረኝ ነው። በእሱ ፋንታ ከሰልባጅ ገበያ የሱፍ ሹራብ መፈለግ ጀመርኩ። ሰልባጅ ላይ ሹራብ ሁሉ ሱፍ ይባላል፤ እውነቱ ግን ከአንገቱ ሥር ወይም ከጎኑ በተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ላይ ይገኛል። «ዉል» የሚለው ቃል ከፍ ያለ ቁጥር ይዞ ከተጻፈ ሱፍ ነው፤ «አክሪሊክ» ካለ በመልክ ሱፍ የሚመስል ፕላስቲክ ነው። ጽሑፉ ተቆርጦ ከሆነ ጫፉን በትንሹ አርጥቦ ማሽተት ነው፤ ሱፍ ሲረጥብ በግ በግ ይሸታል። ነጋዴው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። በዚህ መንገድ ያገኘሁት ጥቁር ቀይ ሹራብ አምስተኛ ክረምቱን ይዟል። የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ አይጨመቅም፣ በገመድ አይሰቀልም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ከተመጠጠለት በኋላ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። በሙቅ ውኃ ያጠብኩት የመጀመሪያው ሹራቤ አሁን የእኅቴ ልጅ ልብስ ነው።

ከሹራቡ ሥር ስስ ልብስ፣ ከሹራቡ ላይ ደግሞ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ቀላል የዝናብ ካፖርት ከደረብኩ ለአዲስ አበባ ይበቃኛል። ጃንጥላ እይዛለሁ፤ ዝናቡ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ግን ከወገብ በታች ምንም አይረዳም። ስለ መልክም አንድ ነገር ልበል። በክረምት ከተማው ሁሉ ጥቁርና ግራጫ ይለብሳል፤ ሰማዩ ግራጫ፣ አስፋልቱ ግራጫ፣ ሰዉ ግራጫ ይሆናል። እኔ በዚያ ሁሉ መካከል የምደርባት ብርቱካናማ የአንገት ልብስ አለችኝ፤ ጠዋት መስታወት ፊት ስጠመጥማት ከቡና በላይ ታነቃኛለች። ክረምት ለጌጥ የማይመች ወቅት ነው የሚሉ ሰዎች በበጋ በአንድ ሸሚዝ ስንወጣ የማናገኘውን የመደራረብ ደስታ አልቀመሱትም።

ዋናው ነገር ግን እግር ነው። አሁን በክረምት ሦስት ጫማ አለኝ፤ ሁለቱን የቆዳ ቡትስ በፈረቃ አደርጋለሁ፣ አንዱ ደረቅ ጫማ ደግሞ ከቢሮ ጠረጴዛዬ ሥር ይኖራል። አንድን የቆዳ ጫማ በተከታታይ ቀን ካደረጉት ውስጡ ሳይደርቅ እንደገና ይረጥባል፤ ከዚያ የሚመጣው ሽታ፣ ቀጥሎም የሶሉ መላቀቅ ነው። ማታ ቤት እንደገባሁ ውስጡን በአሮጌ ጋዜጣ እሞላዋለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የረጠበውን አውጥቼ በደረቅ እለውጠዋለሁ። እሳት አጠገብ ማድረቅ ግን ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፤ ሁለት ጫማ ያጣሁት በዚህ ነው። ቆዳውና ሶሉ የሚገናኙበትን ስፌት በየሳምንቱ በሰም እሸዋለሁ፤ ይህን ያሳየኝ ሰፈራችን ያለው ሊስትሮ ሲሆን፣ ሻማ ይበቃል ቢሉም የንብ ሰም እንደሚሻል ይምላል። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ደረቅ ካልሲ አለ። ከጠቅላላው ዝግጅቴ እጅግ ርካሹ ይህ ነው፤ ብዙ ለውጥ ያመጣልኝም እሱ ነው። ቢሮ ደርሶ እግርን አድርቆ ካልሲ መለወጥ ቀኑን ከዜሮ እንደመጀመር ነው።

ቤትን በተመለከተ የምናገረው ትንሽ ይከብዳል። የምኖረው በኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ ላይ ስለሆነ ጣሪያው ከላዬ ነው፤ የቆርቆሮው ድምፅ ሌሊት ሲያንጎራጉር ከመስማት የሚበልጥ እንቅልፍ አላውቅም። ነገር ግን ያ ድምፅ የሚጥመው ውኃው ውጭ ሲቀር ነው። ስለዚህ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ከጎረቤቶቼ ጋር አዋጥተን አሸንዳውን እናስጠርጋለን፣ የላሉ ምስማሮችንም እናስመታለን። እርጥበቱ ግን በጣሪያ ብቻ አይመጣም። በአንድ ነሐሴ ቁም ሣጥኔን ስገፋ ከኋላው ያለው ግድግዳ በጥቁር ሻጋታ ተሸፍኖ አገኘሁ፤ ጥግ ላይ የሰቀልኩት ካፖርትም አብሮ ሻግቷል። ምክንያቱ እኔው ነበርኩ፤ ብርድ እንዳይገባ ብዬ መስኮት ዘግቼ እዚያው ውስጥ አበስላለሁ፣ ልብስ አሰጣለሁ፣ እተነፍሳለሁ። አሁን ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች እከፍታለሁ፤ ቁም ሣጥኑም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይርቃል። ሻጋታውን በውኃ በቀጠነ በረኪና አጸዳሁት፤ መስኮት ከፍቶ፣ ጓንት አድርጎ፣ ከሌላ ማጽጃም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ ሳይቀላቅሉ።

ለሕይወቴ ያሰጋኝ ነገር ያልኩትም ከዚሁ ከተዘጋ መስኮት ጋር የተያያዘ ነው። መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ቡና ጠጥተን ከጨረስን በኋላ፣ ማንደጃው ላይ የቀረው ከሰል እንዳይባክን ብለን ወደ መኝታ ቤት አስገብተን በሩን ዘጋን። ጭስ አልነበረም፤ ፍሙ ቀልቶ ያምራል። ጨዋታችን ላይ ሳለን ራሴን ያመኝ ጀመር፤ የቡናው ነው አልኩ። ጓደኛዬ እንቅልፍ መጣብኝ ብላ ጋደም አለች። ጥቂት ቆይታ ወደ መጸዳጃ ቤት ልትሄድ ስትነሣ ጉልበቷ ከዳት፤ አልጋውን ይዛ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው የሰፈራችን ሰዎች «ከሰል መታቸው» የሚሉት ነገር ትዝ ያለኝ። እየተደነቃቀፍኩ በሩንና መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሁለታችንም በረንዳ ላይ ዝናብ እየመታን ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን፤ ከዚያም ጎረቤት ጠርተን ሐኪም ቤት ሄድን። የሚመታው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ በቀላበት ሰዓትም ይወጣል። ጭሱ ካለቀ አይጎዳም የሚለው እምነት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው፤ እኛም የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይገባም፤ መኝታ ቤትማ ጨርሶ አይታሰብም።

አሁን አልጋዬን የማሞቀው በውኃ ነው። የጎማ ከረጢት ያለው በእሱ ይጠቀም፤ የሌለው ሃይላንድ ውስጥ የሞቀ ውኃ ሞልቶ በካልሲ ሸፍኖ ከእግሩ ሥር ያድርግ። የፈላ ውኃ ግን ፕላስቲኩን ስለሚያኮማትረው በጣት የሚቻል ሙቀት ላይ ሲደርስ ነው የሚሞላው። ከላይ ጋቢ፣ ከጋቢው ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ። እውነተኛው የጋቢ ቦታ ይሄ ነው፤ በደረቅ ቤት፣ በደረቅ ገላ ላይ።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ክረምቱ ራሱ ያደላልናል። የጠዋቱ ነገር ለእኔ ገንፎ ነው። የገብስ ዱቄቱን ጨው በገባበት የፈላ ውኃ ላይ እየነሰነስኩ በማማሰያ አሸዋለሁ፤ ክንድ እስኪዝል ካላሹት እብጥ እብጥ እያለ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሲበስል ማማሰያው ላይ መጣበቁን ይተዋል። በትንሽ ቅቤ በታሸ ጎድጓዳ ሳሕን ላይ ገልብጬ መካከሉን በማንኪያ ጀርባ እጎደጉደዋለሁ፤ እዚያ ውስጥ የነጠረ ቅቤና በርበሬ ይገባል፣ ዳር ዳሩን እርጎ ይከበዋል። የሚበላው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ልጅ ሳለን ቸኩሎ የቅቤውን ግድግዳ ያፈረሰ ሰው ምን እንደሚደርስበት እናውቅ ነበር። ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው በፍልሰታ ቅቤውም እርጎውም ይቀራል፤ ያን ጊዜ በኑግ ዘይት ወይም በተልባ እበላዋለሁ፤ እውነት ለመናገር የኑጉን ከቅቤው የማስበልጥበት ጠዋት አለ።

የመንገዱ ምግብ በቆሎ እሸት ነው። የሰፈራችን ሴቶች ማንደጃቸውን ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር አድርገው በካርቶን እያራገቡ ይጠብሳሉ፤ ካፊያ ላይ ቆሞ በገዛ ቅጠሉ ይዞ መብላት ለክረምት ብቻ የተሰጠ ደስታ ነው። ከመጠበሱ በፊት አንዱን ፍሬ በጥፍር ተጭኖ ማየት ይፈቀዳል፤ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ ለጋ ነው፣ ካልወጣ ለመንጋጋ ሥራ ይበዛል፤ የጠና በቆሎ ለንፍሮ ይሻላል። ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበት ቆሎ አይጠፋም። ማታ በሸክላ ድስት የሚንተከተክ ሽሮ ካለ ሌላ አልመኝም። ሻዩን የማፈላው ትኩስ ዝንጅብል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ለአሥር ደቂቃ ከተንተከተከ በኋላ ቅጠሉን በመጨረሻ ጨምሬ ነው፤ ቅጠሉ አብሮ ከቆየ ይመራል። የመጠጥ ውኃ በክረምት አፍልቼ ነው የምጠጣው፤ ጎርፉ የማይነካው ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ገንፎ መሄጃ ይፈልጋል። ለብዙ ዓመታት በየክረምቱ ልብሴ ይጠብበኝ ነበር፤ ሰበቤም ዝናቡ ነበር። ነገር ግን የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ የሚበረታ ስለሆነ ጠዋቱ አብዛኛውን ቀን የኛ ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለአርባ ደቂቃ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ። በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ መሮጥ ግን ተውኩ፤ አንድ ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራትቼ ወድቄ የእጅ አንጓዬ ለሦስት ሳምንት ታስሯል። ጠዋቱም ከዘነበ ቤቴ ያለበት ሕንፃ ጂ ፕላስ ፎር ስለሆነ ደረጃውን አሥር ጊዜ ወጥቼ እወርዳለሁ፤ መጀመሪያ ላይ አበደች ያሉኝ ጎረቤቶቼ ዛሬ ሁለቱ አብረውኝ ይወጣሉ። እሑድ እሑድ እንጦጦ እንሄዳለን። ጭጋጉ በባሕር ዛፎቹ መካከል ሲንሳፈፍ፣ መሬቱ ሲሸት፣ ከተማው ከሥር ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ሲሰማ፣ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተው ፓርክ ካፌዎች በአንዱ ትኩስ ነገር ይዞ መቀመጥ ያስደስታል። ሁለት ሕግ ብቻ አለን፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ወዲያው እንመለሳለን፣ ላብ የጠጣውን ከነቴራ መቀመጫ ላይ ከመቀመጣችን በፊት እንለውጣለን። ከእንቅስቃሴ በኋላ የሚይዘን ብርድ ከሰማይ ሳይሆን ከራሳችን ላብ የሚመጣ ነው።

ክረምቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቡሄ ይመጣል። የነሐሴ 12 ምሽት የሕንፃችን ልጆች በእርጥብ ጫማቸው አራት ፎቅ ወጥተው ዱላቸውን ደረጃው ላይ እየመቱ ሲጨፍሩ፣ እኔ ለአንድ ቀን ያቦካሁትን ሊጥ ሙልሙል አድርጌ ጋግሬ እጠብቃቸዋለሁ። አብዛኞቹ ዛሬ ብሩን ይመርጣሉ፤ ሁለቱንም እሰጣለሁ። ግቢው ውስጥ ችቦ ሲለኮስ የነሐሴ እንጨት እንደልቡ አይነድም፤ ስለዚህ የሕንፃው ጥበቃ ችቦውን ከሐምሌ ጀምሮ ደረጃ ሥር አስቀምጦ ያደርቀዋል። የመድረቅን ነገር ከእኔ በፊት የተረዳ ሌላ ሰው መኖሩን ያወቅኩት በእሱ ነው።

ጋቢዬን በክረምት አላጥበውም፤ ወፍራም ስለሆነ ያለ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ አይደርቅም፣ በግማሽ ደርቆ ከታጠፈ ደግሞ ይሻግታል። ወይ ከሰኔ በፊት ወይ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው፤ ከመስቀል በኋላ የሚመጣ ዝናብም ጫማ እንደሚያበላሽ ስላየሁ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ቡትሱ ከበሩ ሥር፣ ካልሲውም ከቦርሳዬ አይወጣም።